ከአባት በር የተጠረበው ክንፍ

አንድ ሰው ነበር፤ ነፋስ በማያርፍበት ኮረብታ ላይ ከእናቱ ጋር የሚኖር። የእሱን ስም ተዉት። እናቱን ግን እማማ ደብሪቱ እንበላቸው።

የእማማ ደብሪቱ ዓይን እየደከመ ነበር። የኩራዙ ጭስ ደግሞ ጭራሽ አባሰባቸው። አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይከደን፣ አንድ ምሽት እንኳ ፊትህን በደህና ብርሃን ልየው» አሉት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

እናንተ ብትሆኑ እንቅልፍ ይወስዳችኋል? እሱንም አልወሰደውም። ደጃፉ ላይ ጋደም ብሎ ነፋሱን አዳመጠ። ነፋሱ ሣሩን ያስተኛል፣ ጣራው ላይ ያፏጫል፣ ያልፋል። «ይህ ሁሉ በደጃችን እያለፈ እኛ በጨለማ?» አለ።

ከአሮጌ መኪና የተፈታ፣ ሲዞር መብራት የሚያመነጭ ዲናሞ አገኘ። ዲናሞውን በነፋስ የሚያዞሩ ሦስት ክንፎች ያስፈልጉታል። ሁለቱን ከባሕር ዛፍ ጣውላ ጠረበ። ሦስተኛውን ከየት ያምጣ? ሟቹ አባቱ በእጁ የሠራው የዋንዛ በር ነበር፤ ቤቱ ሲታደስ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፎ የቀረ። ከእሱ አንድ ሳንቃ አወጣ። ሳንቃው መካከል ላይ አባቱ ዕድሜ ልኩን በመዳፉ እየገፋ ያለሰለሰው ቦታ አለ።

ሁለቱን ክንፎች እየላገ አሳሳቸው። የአባቱን ሳንቃ ግን መላጊያ ሊያስነካው አልሆነለትም። ጫፍ ጫፉን ቅርጽ አስያዘና ተወው። ከዚያ የእናቱን አሮጌ የወተት ቅል ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ክንፎቹ ከሚገናኙበት ፊት እንደ አፍንጫ ገጠመው፤ ነፋሱ በቅሉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ክንፎቹ እንዲሄድ። ጎረቤቱ ጋሽ ወልደየስ በአጥር በኩል አይተው፣ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል!» ብለው ሳቁበት።

ደጅ ባቆመው ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ነፋሱ መጣ፣ ክንፎቹ ዞሩ፣ ምሰሶው ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ቅሉ ተፈናጥሮ ሜዳ ላይ ወደቀ።

አወረደው። ሚስማር ላይ ሰክቶ በእጁ ሲያዞረው ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወርደው የአባቱ ክንፍ ነው። ምክንያቱ ጠፋው? አልጠፋውም! ግን ከባዱን በመላግ ፋንታ በቀላሎቹ ላይ ብረት አሰረ። መልሶ ሰቀለው። ብረቱ ሲዞር ተፈታና እናቱ ከተቀመጡበት አጠገብ መሬት ላይ ተተከለ።

 ክንፎቹን አውርዶ እናቱ እግር ሥር አስቀመጣቸው። እሳቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። የዋንዛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይኼ የአባትህ እጅ ያረፈበት አይደለም?»

«ነው እማዬ።»

«ለዚህ ነው ያልላግኸው?»

የለሰለሰውን ቦታ በመዳፉ ሸፈነው።

«ሞኝ ልጅ። አባትህ በሩን የሠራው እንድንገባበት እንጂ እንድንሰግድለት ነው? ናፍቆቱ እኔ ላይ የሌለ መሰለህ? ላገው።»

ላገው። እያለቀሰ ላገው። ፍቅፋቂው በእናቱ ጉልበት ላይ ሲረግፍ እሳቸው እያፈሱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ያ የለሰለሰ ቦታ ጠፋ።

ጋሽ ወልደየስ ቅሉን ከሜዳ አንሥተው አመጡ፤ አልተሰበረም። ክንፎቹን መልሶ ሲሰቅልም መሰላሉን የያዙለት እሳቸው ናቸው።

ነፋሱ መጣ። ክንፎቹ ዞሩ፤ ድምፃቸው የተኛ ሰው ትንፋሽ ያህል ነው። ምሰሶው ጸጥ። ቤት ውስጥ ከዲናሞው በሽቦ የተያያዘችው አምፖል መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ቤቱን ሞላችው። እማማ ደብሪቱ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አዩት፣ አዩት።

«ውይ» አሉ፤ «አባትህ እኮ እዚህ ነው ያለው።»

ወገኖቼ፣ ቤታችን የጨለመው ነፋስ አጥተን ነው? የእግዚአብሔር ጸጋ በደጃችሁ መንፈሱን መቼ አቆመ? የማንልገው ክንፍ ስላለን ነው! የአንዱ ከአባት የተወረሰ ቂም ነው። የሌላው የሟች ክፍል ነው፤ ተቆልፎ ልጆች የማይገቡበት። ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ምን ታደርጋላችሁ? በቀላሎቹ ላይ ብረት ታስራላችሁ። ሚስት ትነዘንዛላችሁ፣ ልጅ ትቆጣላችሁ። ከባዱን ግን አትነኩም።

የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወርደው እሱ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ መላጊያውን አንሡ። አልቅሱ፣ ማልቀስ አልከለክላችሁም፤ ግን ላጉት። ዓይኑ ሳይከደን ፊታችሁን ሊያይ በጨለማ የተቀመጠ ሰው አለ።