ሳይነቀነቅ የቀረው ጠርሙስ

አንድ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ። ቆይ ፋንታሁን፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ጽጌን ስታገባ አገር ቤት ጥለኸው የመጣኸውን ልጅ ደብቀሃታል። «ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልዋሸኋትም፣ ታዲያ አሁን የድሮውን ማንሳት ምን ይጠቅማል?» ነው የምትለኝ። እኔ በመድኃኒት ቅመማ ያረጀሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ሰውየው የዓይን ጠብታ ያዘጋጅ ነበር። ዋናው መድኃኒት ኃይለኛ ነው፤ እንዳለ ቢጨመር ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ከእሱ አንድ እጅ ተወስዶ ዘጠኝ እጅ ውሃ ይጨመርበትና በደንብ ይነቀነቃል። ከዚያ ጠርሙስ ደግሞ አንድ እጅ ይወሰድና በሌላ ጠርሙስ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀጥናል። እንዲህ እየተባለ አራተኛው ጠርሙስ ላይ ሲደረስ ለሕፃን ዓይን የሚሆነው ይገኛል።

አንድ ቀን ታዲያ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሳይነቀንቅ ቀዳ። መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ ታች ተኝቷል፤ መምጠጫውም የገባው እስከ ታች ስለሆነ ያልቀጠነውን ሳበ። ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ሲደርስ ትዝ አለው። ሁሉንም ደፍቶ እንደገና መጀመር ነበረበት። ግን የተጣራው ውሃ እያለቀ ነው፣ በሽተኛውም ደጅ ላይ ተሰልፏል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የቀሩትን ጠርሙሶች አብዝቶ ነቀነቃቸው። ልኩንም እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ ለክቶ አያውቅም።

በዚያ ጠብታ የአንድ ገበሬ ልጅ ዓይኗ ጠፋ። ገበሬው ልጁን ይዞ መጣ። ቀማሚው ጠርሙሶቹን ደርድሮ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱን እንዴት በልክ እንደሠራ ያስረዳው ጀመር። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

«ጠርሙሱን ተወውና እሷን እያት» አለው ገበሬው።

አንተም እንደዚያ ሰውዬ ነህ። አሥራ ሁለቱን ዓመት በልክ ለክተሃል፤ አልክድህም። ግን ሁሉም የተቀዳው ከዚያችው ከመጀመሪያዋ ጠርሙስ ነው። በኋላ ጥሩ መሆንህ የፊቱን አያቀጥነውም፤ ያ ልጅም ይኸው ያለ አባት አደገ። እኔንም አስቀድተኸኛል። ለሽምግልና የጽጌ አባት ቤት ሄጄ «ልጅም ሚስትም የለውም፣ እኔ አውቀዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። አባቷም በእኔ ቃል ልጁን ሰጠህ።

ተነስና ንገራት። አንተ እንኳ የምትነግራት ሰው አለችህ። እኔ ያመነኝን አባቷን አምና ቀብሬዋለሁ።