ጅቡ የገዛው ጥላ

አንድ ጊዜ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ቋንጣ የሚያደርቅ ጅብ ነበር። ሌሎች ጅቦች ያገኙትን እዚያው ይበላሉ። ይህኛው ግን ሆዱ የዛሬን ብቻ ሳይሆን የነገንና የከርሞን ረሃብ ያስብ ነበር። ስለዚህ ከዋሻው ደጃፍ ጉድጓድ ቆፈረ፤ እሳት አነደደ፤ ሥጋውን ዘልዝሎ ከላይ ሰቀለ። ቋንጣው ሲጣፍጥ ነብርም መጣ፤ ተኩላም መጣ፤ አንበሳም መልእክተኛ ላከ። ጅቡ ጉድጓዱን አሰፋ። እንደገና አሰፋ። በዋሻው ዙሪያ የነበረው የወይራ ጫካ አንድ በአንድ እየተቆረጠ ወደ እሳቱ ገባ።

ጭሱ ከሸለቆው አይወጣም ነበር። ጠዋት ዋሻው ውስጥ ነው፤ ማታም ዋሻው ውስጥ ነው።

ጅቡ ሁለት ልጆች ነበሩት። ታላቁን ባለፈው በጋ ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ዝም አለ። ጅቡ ዝምታውን ሲሰማ «ተሻለው» ብሎ ደስ አለው። ቋንጣውን ሊያገላብጥ ወጣ። ሲመለስ ነው ያወቀው።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ ይፈራል። ታናሹ ልጁ ቡሬ ሲስል ይደነግጣል፤ መሳሉን ሲያቆም ደግሞ የባሰ ይደነግጣል። ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ ጆሮውን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፤ ትንፋሹን ሲሰማ ነው ወደ እሳቱ የሚመለሰው።

በዚያ ሰሞን አንበሳ አዋጅ አስነገረ። «ዛፍ ጭስ ይውጣል። ስለዚህ እሳት የሚያነድድ ሁሉ ለጭሱ የሚበቃ ዛፍ ያስጠብቅ። ያላስጠበቀ እሳቱ ይጠፋል!»

ጅቡ ይህን ሰማ። ጉድጓዱ አጠገብ ተጎልቶ ሳለ ቀበሮ መጣች። አንገቷ ላይ የቅጠል ከረጢት አንጠልጥላለች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው አንገትህን ደፋህ?»

«እሳቴን ሊያጠፉብኝ ነው እመት ቀበሮ። ዛፍ ከየት አመጣለሁ? የነበረኝን አንድጄዋለሁ።»

«ታዲያ የሌለህን ግዛ! ከገደሉ ወዲያ ትልልቅ ዝግባዎች አሉኝ። አንድ ዝልዝል ቋንጣ ስጠኝና አንዱን ዛፍ ላንተ አስጠብቅልሃለሁ። ማንም አይቆርጠውም። ቆሞ ጭስህን ሲውጥልህ ይኖራል። ምልክቱ ይህ ቅጠል ነው። ለአንበሳ መልእክተኛ ታሳየዋለህ፤ በቃ።»

«አንድ ዝልዝል ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ሌላ ዘንድ ብትሄድ ሙሉ ጭን ነው የሚሉህ።»

ጅቡ ርካሽ ነገር ሲያይ ጥያቄው ሁሉ ይጠፋበታል። ቋንጣውን ከመስቀያው አወረደ። ከመስጠቱ በፊት ግን አንዲት ነገር ትዝ አለችው።

«የልጄስ ሳል? ይተወዋል?»

ቀበሮ ወደ ዋሻው አየች። ቡሬ ጨለማው ውስጥ ተኮራምቶ ይስላል።

«ጭሱ ከተዋጠ ሳሉ ከየት ይመጣል አያ ጅቦ?» አለችና ቋንጣዋን ይዛ ሄደች።

ጅቡ ቅጠሉን ከዋሻው አፍ ላይ ሰቀለው። ሚስቱ ወጥታ አየችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው።»

«ቅጠል ነው እንጂ።»

«ዛፉ ከገደሉ ወዲያ ነው ያለው። ጭሱ መጥቶ ይህን ሲያይ ይመለሳል።»

«ጭስ ዓይን አለው እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ንግድ አይገባሽም።»

የአንበሳ መልእክተኛ መጣና ቅጠሉን አየ። «ጎሽ!» ብሎ ሄደ። ጅቡ ልቡ አበጠ። በማግስቱ ገበያ ወጥቶ «ጭስ አልባ ቋንጣ! ጭስ አልባ ቋንጣ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ከኋላው የጉድጓዱ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖታል። ነብር እየሳለ ገዛ። ተኩላም ዓይኑን እያሸ ገዛ። «ጭስ የሌለበት ምግብ መብላት እንዴት ደስ ይላል» ተባባሉ።

ገበያው ደራ። ጅቡ ጉድጓዱን አሰፋ። የቡሬ ሳል ግን ባሰበት። ጅቡ ቅጠሉ ያነሰ መስሎት ሌላ ገዛ። ሳሉ አልቆመም። ሌላም ገዛ። የዋሻው አፍ በደረቀ ቅጠል ተሞላ። ከላይ ቦታ ሲጠፋ በቡሬ መኝታ ዙሪያ ይደረድረው ጀመር።

አንድ ቀን ሚስቱ መንገዱ ላይ ቆመችበት። ከሸለቆው በላይ ካለው ተረተር ወይራ ሊቆርጥ እየወጣ ነበር።

«ቅጠል ለመግዛት ቋንጣ ታደርቃለህ» አለችው። «ቋንጣውን ለማድረቅ ዛፍ ትቆርጣለህ። ለቆረጥከው ዛፍ ቅጠል ትገዛለህ። እኔ ነኝ ንግድ የማይገባኝ?»

ጅቡ ቁጭ ብሎ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ራሱን አመመው።

ያኔ ቡሬ ሳለ። ሳሉ እንደ ትናንቱ አልነበረም። አጭር ነው፤ ደረቅ ነው፤ ጫፉ ላይ ይቆረጣል። ሁለቱም አወቁት። የታላቅ ወንድሙ ሳል መጨረሻው ላይ እንዲህ ነበር።

ጅቡ ተነሣ። «ዛፎቼ ጋ እወስደዋለሁ» አለ።

«የት?»

«የገዛኋቸው ዛፎች አሉ አይደል? ጥላቸው የእኔ ነው። እዚያ ይተኛ።»

ሚስቱ ሁልጊዜ መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን «ፍጠን» ብቻ አለችው።

ጅቡ ልጁን በማጅራቱ ነክሶ ወደ ገደሉ ወጣ። ዳገቱ ድንጋያማ ነው። ቡሬ አፉ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይስላል። መሐል መንገድ ላይ ሳሉ ቆመ። ጅቡ ልጁን መሬት አስቀምጦ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ነፋሱ ይጮኻል፤ ምንም አይሰማም። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ቀጭን ትንፋሽ ሰማ። አንሥቶት ሮጠ።

ከላይ ሲደርስ ዝግባዎቹ እውነትም አሉ። ሥራቸው ዓለቱን ጨብጦ፣ ግንዳቸው ከገደሉ አፍ ወጥቶ በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ጅቡ ልጁን ከአንዱ ሥር አጋደመው።

«ወዲያ! ከዚያ እንዳታልፍ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

አባ ጉሬዛ ነበሩ። ነጭ ካባቸው ከቅርንጫፉ ወደ ታች ወርዷል። ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ዛፍ ላይ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አይፍሩ አባ፣ አልበላዎትም። ልጄን ዛፌ ሥር ላስተኛው ነው።»

«የማን ዛፍ?»

«የእኔ። እመት ቀበሮ ሸጣልኛለች። ማንም እንዳይቆርጠው እያስጠበቅሁት ነው።»

አባ ጉሬዛ ሊስቁ ነበር። የግልገሉን ደረት አዩና ተዉት።

«ማን ሊቆርጠው ነበር ልጄ? እስቲ ወደ ታች እይ። መጥረቢያ የያዘ የት ይቆማል? አየር ላይ?»

ጅቡ አየ። ከጫፉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እና... ጭሴን አይውጥም?»

«ይውጣል። አንተ ሳትወለድም ይውጥ ነበር። ባትገዛውም ይውጥ ነበር። ታዲያ ያንተ ቋንጣ ምን ጨመረ?»

«ከቋንጣው ለእርስዎስ ደርሶዎት ነበር?» ብሎ ጅቡ ጠየቀ።

«እኔ ሥጋ አልበላም። የጠየቀኝም የለም። ቤቴ መሸጡን ገና ካንተ መስማቴ ነው።»

ይህን ሲሉ ከታች ካለው መንገድ ወሬ ተሰማ። ቀበሮ ናት። ከኋላዋ ዝንጀሮ ይከተላታል፤ ከገበሬ ማሳ የሰረቀውን ገብስ እየቆላ የሚሸጠው ዝንጀሮ ነው። እሱም እሳት አለው።

«ያውልህ፣ ያ ረጅሙ ዝግባ» አለች ቀበሮ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።»

«ቀረብ ብዬ ልየው?»

«ዳገቱን ወጥተህ ምን ትሆናለህ? ቅጠሉን አምጥቼልህ የለ?»

«ለሌላ ግን አልሸጥሽውም?»

«ኧረ በሞቴ! ላንተ ብቻ!»

«እመት ቀበሮ!» ብሎ ጅቡ ከዓለቱ ጫፍ ብቅ አለ። «እሱ ዛፍ የእኔ አይደለም እንዴ?»

ዝንጀሮ ጅብ ሲያይ ቆሎውን በትኖ ሸሸ። ቀበሮ ግን አልሮጠችም። ጅብ ከማይደርስባት ጠባብ ድንጋይ ላይ ዘላ ወጣች።

«ሌባ! አታለልሽኝ!»

«እኔ? ምን ጠየቅኸኝ አያ ጅቦ? ዛፉ የት እንደበቀለ ጠየቅኸኝ? ማን እንደሚኖርበት ጠየቅኸኝ? ዝንጀሮ እንኳ ለሌላ ሸጠሽው ወይ ብሎኛል። አንተ ዋጋውን ነው የጠየቅኸው። በዋጋው አልዋሸሁህም።»

«ስለ ልጄ ጠይቄሽ ነበር» አለ ጅቡ።

ቀበሮ ከረጢቷን አስተካክላ በገደሉ ጥግ ሾልካ ጠፋች።

ጅቡ ሊያሳድዳት ተነሣ። ከኋላው ግን ዝም ብሏል። ሳል የለም። ዞሮ ሮጠ፤ ልጁ ላይ ወደቀ፤ ጆሮውን ለጠፈ። ቡሬ ተኝቶ ነበር። ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። አየሩ ንጹሕ ነው።

ጅቡ ቀና አለ። ያኔ ሸለቆውን ከላይ አየው። ጭሱ እንደ ድስት ክዳን ተከድኖበታል። ከሥሩ ዋሻው አለ፤ ከሥሩ ሚስቱ አለች። ከሥሩ ታላቁን ልጁን የቀበረበት ድንጋይ አለ። ሁልጊዜ ውስጡ ስለሚኖር እንዲህ አይቶት አያውቅም ነበር። ከጭሱ ወዲህ ያለው ተረተር ራቁቱን ቀርቷል። ጉቶ ብቻ ነው።

«ጠባቂ ይፈልጉ የነበሩትስ እነዚያ ወይራዎች ነበሩ» አሉ አባ ጉሬዛ።

«አሁን ምን ላድርግ አባ?»

«መጀመሪያ እሳትህን አጥፋ።»

«ሁሉንም? ሆዴስ?»

«ፀሐይ አለ፤ ነፋስ አለ። ቋንጣ በነፋስ ይደርቃል።»

«ክረምት ላይስ?»

«ክረምት ላይ ትንሽ እሳት አንድድ። ለዚያች ልታስቀራት ለማትችላት እሳት ዛፍ አስጠብቅ። ካልተጠበቀ የሚሞተውን ዛፍ ግን። አጠገቡ የሚኖሩትን አስፈቅደህ፤ ዋጋውንም ለእነሱ ከፍለህ። ከዚያም በእግርህ እየሄድክ እየው።»

ጅቡ ቡሬን ለጥቂት ቀናት ከንጹሑ አየር ተወው፤ እናቱም መጥታ አብራው ሰነበተች። እሱ ወርዶ በጉድጓዱ ላይ አፈር አለበሰ። ቅጠሎቹን ከዋሻው አፍ አወረደ። የአንበሳ መልእክተኛ «ዛፍህ የት ሄደ?» ሲለው «አልነበረኝም» አለ። ገበያም ወጥቶ «በፀሐይ የደረቀ ቋንጣ! ክረምት ላይ ትንሽ ጭስ አለበት!» እያለ ጮኸ። ነብር ሳቀበት። አንዳንዱ ጥሎት ሄደ።

በተራቆተው ተረተር ሚዳቋ ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ጅቡ ከሩቅ ቆሞ የወይራ ችግኝ ሊተክል እንደሆነ ነግሮ ፍየል እንዳይበላበት ትጠብቅለት እንደሆነ ጠየቃት።

«እኔ ልትከል፣ አንቺ ጠብቂልኝ» አላት።

«ደመወዙ ምንድን ነው?» አለች ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ውስጥ።

«አልበላችሁም።»

«እሱማ ግዴታህ ነው። ደመወዙን ነው የጠየቅሁህ።»

በየወሩ ከቆላ ጨው ሊያመጣላት ተስማሙ። የመጀመሪያውን ችግኝ ጅቡ ራሱ ተከለው፤ ታላቁ ልጁ ከተቀበረበት፣ ከተረተሩ ግርጌ ካለው ድንጋይ አጠገብ።

በሚቀጥለው ክረምት ቡሬ አደገ። አሁንም አልፎ አልፎ ይስላል። አንድ ጠዋት አባቱን ተከትሎ ወደ ተረተሩ ወጣ።

«አባዬ፣ የእኛ ዛፍ የትኛው ነው?»

«ይህ ነው።»

«ጥላ የለውም እኮ!»

«ገና ነው።»

«ይደርቅ ይሆን?»

«እንጃ ልጄ። ለዚህ ነው እየመጣን የምናየው።»

ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ጅቡ ዝምታውን አዳመጠ። ውስጡ የልጁ ትንፋሽ ነበረ።

ከዚህ የምንማረው ጭስ ያለው ሁሉ አስቀድሞ የገዛ እሳቱን መቀነስ እንዳለበት፣ ለሚተርፈውም ጭስ ዛፍ ሲያስጠብቅ የት እንደበቀለ፣ ማን እንደሚኖርበትና ያለ ጥበቃ ይጠፋ እንደነበር በዓይኑ ሳያይ ቅጠል መግዛት እንደሌለበት ነው።