ሆዱን ማን ገጨው?

«አንድ ሰው ነበረ። ግባ ካሱ፣ ቁጭ በል፤ ጥያቄህን ገና ከደጅ ስትጮኸው ሰምቻለሁ» አሉ ጎማ ጠጋኙ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ።

ካሱ ባጃጁን አቁሞ ገባ። ሚስቱ «የጤና መድን ምዝገባ ዛሬ ያበቃል፣ ቀበሌ አድርስ» ብላ የሰጠችው ብር ኪሱ ውስጥ ነው፤ ልቡ ግን አዲስ ጎማ ላይ። ሲጮህ የነበረውም «ለባጃጇ መድን ገብቻለሁ! መድን መድን ነው፤ ሁለቴ ምን ያስከፍለኛል?» እያለ ነው።

«እና አንድ ሰው ነበረ፤ ታክሲ ነበረው። ለታክሲው ሙሉ መድን ገባ። ጎረቤት ለጤናህም ግባ ሲለው፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያሳየ ‹ይኸው ገብቻለሁ!› ይል ነበር። አንድ ቀን ሆዱን ቆረጠው። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ያለ መሰለህ? ታክሲው ውስጥ ገብቶ፣ መሪውን ጨብጦ ‹የመድን ሰው ጥሩልኝ!› አለ።

«የመድኑ ሰው መጣ። መኪናውን ዞረው፣ አጎንብሶ ከሥር አየ።

‹ግጭቱ የታለ ጌታው?›

‹እዚህ!› ሆዱን ይዞ።

‹ማን ገጨዎት?›

‹ማንም። ከውስጥ ነው የመጣብኝ።›

‹እኛ የምንከፍለው ለግጭት ነው። ሞተር እንኳ በእርጅና ነክሶ ቢቆም አይመለከተንም፤ እርስዎማ ሰሌዳም የለዎት!›»

ካሱ ሳቁ አመለጠው። «ሞተ እንዳይሉኝ ብቻ፣ ጋሼ።»

«አልሞተም፤ ተቀዶ ዳነ። ለቀዶ ጥገናው ግን ታክሲውን ሸጠ። መድን ያላት መኪና መድን ለሌለው ሰው መድን ሆነችለት። አሁን በዚያችው ታክሲ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ከቀናው ጋቢና።»

የሚጠግኑትን ጎማ አስቀምጠው ወደ ካሱ ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ፣ ልጄ። የባጃጇ መድን የመንገድ ነው፤ አደጋ ሲደርስ ይደርሳል። በሽታ ግን መንገድ እስክትወጣ አይጠብቅም፣ አልጋህ ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ አንተንም ሚስትህንም ሐኪም ፊት የሚያቆማችሁ የጤና መድኑ ደብተር ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ፍሬን መሪ ይሆናል እንዴ?»

«ጎማውስ?»

«አሮጌውን እኔ እለጥፍልሃለሁ፤ ቀበሌው ሳይዘጋ ሂድ። ባጃጇ ብትሞት ሌላ ትገዛለህ። አንተ ብትሞት ግን እሷ በማግስቱ ሌላ ሾፌር ታገኛለች።»