ስኳር የያዘው ድመትና አህያዋ ቡሊት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ወንዙ በጠራበት ሰሞን፣ ከገደል ሥር በተቀመጠች አንዲት የእንስሳት መንደር ውስጥ ቡሊት የምትባል አህያና ነብሮ የሚባል ድመት አብረው ይኖሩ ነበር። ቡሊት የመንደሩን እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ታመላልሳለች። ነብሮ ጎተራውን ከአይጥ ይጠብቃል፤ ከጎተራው ቆጥ ላይ የሚያድሩትን ዶሮዎችም የሚጠብቅ እሱ ነው። ሌባ ብቅ ካለ ነብሮ ይጮኻል። ነብሮ ሲጮኽ ቡሊት ታናፋለች። ቡሊት ስታናፋ መንደሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል።

ያን ሰሞን ግን ነብሮ ሌላ ሆነ። ውኃ ጠጥቶ አይረካም። ከገንዳው ተነስቶ ወደ ሜዳ ይሄዳል፣ ሽንቱን ሸንቶ ይመለስና እንደገና ገንዳው ላይ ይደፋል። የሚበላው የሁለት ድመት ያህል ነው፤ ሰውነቱ ግን በየቀኑ ይሟሽሻል። በመጨረሻ የኋላ እግሮቹም ከዱት። በጣቶቹ ቀስ ብሎ መራመዱ ቀረና ተረከዙን መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረ።

«ነብሮ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው ቡሊት።

«ምንም አልሆንኩም። ሙቀቱ ነው።»

«የምን ሙቀት! እኔ ጠዋት ጠዋት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ አይደል እንዴ የምነሳው?»

ነብሮ ኩሩ ድመት ነበርና ፊቱን አዞረ። ቡሊት ግን አልተወችውም። ጭነቷን አራግፋ፣ ወንዙን ተሻግራ የመንደሩን ሐኪም እመት ጃርትን ይዛ መጣች።

እመት ጃርት ነብሮን ከላይ እስከ ታች አየችው። ድዱን ገለጠች፣ ጎኑን ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የሚሸናበትን ቦታ አሳዩኝ» አለች።

ቡሊት ወደ ሜዳው መራቻት። ሣሩ ሥር ጉንዳኖች እንደ ጥቁር ጨርቅ ተነጥፈዋል።

«አየሽ ልጄ?» አለች እመት ጃርት። «እነዚህ የመጡት ጣፋጭ ፍለጋ ነው። ስኳሩ ከደሙ ሞልቶ በሽንቱ እየወጣ ነው። ስኳር በሽታ ይዞታል።»

የቡሊት ጆሮዎች ዝቅ አሉ። «ይሞታል?»

«በደንብ ከያዝነው አይሞትም። ግን እኔ የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚ።»

እመት ጃርት ከጀርባዋ ውስጧ ክፍት የሆነ አንዲት ቀጭን እሾህ ነቀለች። እሾኋ እንደሌሎቹ የጃርት እሾሆች ሁሉ ነጭና ጥቁር መስመር ነበራት። ከያዘችው ቅል መድኃኒት ቀድታ እሾኋን እስከ መጀመሪያዋ ጥቁር መስመር ሞላችና የነብሮን ማጅራት ቆንጠጥ አድርጋ ወጋችው። ነብሮ ምንም አልተሰማውም።

«ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አንድ ጊዜ፣ ወደ ማታ ከመጥለቋ በፊት አንድ ጊዜ። መጠኑ እስከዚህች መስመር ነው፣ ከዚህ አይለፍ። ምግቡ ዓሣ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ሲበላ እዪው፣ ከዚያ ውጊው። ካልበላ እንዳትወጊው! ጉንዳኖቹን በየቀኑ ቁጠሪ፤ በዙ አነሱ ብለሽ ግን መጠኑን በራስሽ አትቀያይሪ። ለእኔ ንገሪኝ። ስኳሩ በድንገት ወርዶ ከተንገዳገደና ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ቶሎ ብለሽ ድዱን ማር ቀቢው።»

ቡሊት ሁሉንም በቃሏ ያዘች። ትንሽ ማር በቅል አድርጋ ከበሩ ራስ ላይ ሰቀለች። ከወንዝ ወፎች ጋር ተስማምታም ለጎጇቸው ሣር እያመጣችላቸው እነሱ በየቀኑ ሁለት ሁለት ዓሣ ይሰጧት ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ጉንዳኖቹ ቀነሱ፣ ነብሮም ውኃ መጠጣቱን ተወት አደረገ። ከዚያ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንድ ቀን ጉንዳኑ መሬት ያለብሳል፤ ነብሮም ገንዳው ላይ ተደፍቶ ይውላል። በማግስቱ አንድም ጉንዳን ይጠፋል፤ ነብሮም ፈዝዞ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ቡሊት ቆጥራ፣ ቆጥራ ግራ ገባት። መርፌው ያው ነው፣ ዓሣው ያው ነው፣ ሰዓቱ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አጓድላ ነበር። የአጨዳ ወቅት ስለሆነ አውድማው ላይ ይጠብቋታል። ስለዚህ ዓሣውን ታስቀምጣለች፣ ነብሮን ትወጋለች፣ ትሮጣለች። ሲበላ ቆማ ለማየት ጊዜ አላገኘችም። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ስለሚሆን «በልቷል» ትላለች።

አንድ ቀን ጭነት ይዛ ስትመለስ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እንደምን ዋሉ እመት ቡሊት? መቼም የእርስዎን ያህል ደግ በዚህ አገር የለም። በሽተኛው እንዴት ሆነ?»

«አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ይብስበታል። ዛሬ ደግሞ ጉንዳኑ ብዛቱ አይነገርም» አለችው ቡሊት በድካም።

ቀበሮ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «አይ እመት ጃርት! አርጅተዋል እኮ፣ ይፈራሉ። አንድ መስመር ብቻ? እሱ ለአይጥ ነው የሚበቃው። ጉንዳኑ ከበዛ መርፌው ይብዛ! ይሄ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል? ከወደዱት ይጨምሩለት።»

ቡሊት መንገዷን ቀጠለች። ግን «ከወደዱት» ያላት ነገር ከልቧ ተሰንቅሮ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ዓሣውን አስቀመጠች፣ እሾኋን በጥርሷ ያዘች፣ መድኃኒቱንም እስከ ሁለተኛዋ ጥቁር መስመር ቀዳች። ነብሮን ወጋችውና ወደ አውድማው ሄደች።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞራ አየች። አውድማው ደርሳ ጀርባዋን ለጭነት ሰጠች፤ ልቧ ግን እምቢ አላት። «ቆዩኝ፣ መጣሁ» ብላ ጭነቱን ሳትቀበል ዞረች። መጀመሪያ ፈጠን ብላ ሄደች፣ ከዚያ ጋለበች።

ነብሮ የጎተራው በር ላይ ነበር። ዓይኑ ፈጧል። ለመቆም ይሞክራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከዚያ በጎኑ ተዘርግቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ነብሮ! ነብሮዬ!»

ቡሊት ከበሩ ራስ ላይ ያለውን የማር ቅል በጥርሷ ነጥቃ መሬት ላይ ሰበረችው። ማሩን በከንፈሯ ጫፍ እየነካች ድዱን ቀባችው። ቀባችው፣ ጠበቀች። እንደገና ቀባችው። ያቺ ጥቂት ጊዜ ለቡሊት የአንድ ክረምት ያህል ረዘመችባት። ከዚያ የነብሮ ምላስ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ማሩን ላሰ። ዓይኑን ገርበብ አድርጎ አያት።

«ቡሊት… ምን እያደረግሽ ነው? ፊቴን ሁሉ አጣበቅሽው እኮ» አላት በደከመ ድምፅ።

ቡሊት ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ቀና ብላም ባለ በሌለ ኃይሏ አናፋች። መንደሩ ሁሉ ለአጨዳ ሩቅ ወጥቶ ነበር፤ እመት ጃርት ግን ድምፁን ሰምታ እሾሆቿን እያንኳኳች ከወንዝ ማዶ መጣች። ከሩቅ ሆና የቡሊትን ፊት ስታይ ሁሉ ነገር ገባት።

«ስንት መስመር ወጋሽው?»

«ሁለት» አለች ቡሊት አንገቷን ደፍታ። «ቀበሮ መክሮኝ ነው። አይ፣ እሱ ቢመክረኝም ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

እመት ጃርት አልተቆጣችም። «የመድኃኒቱ ኃይል ገና አልበረደም፤ እስከ ከሰዓት ከአጠገቡ አንለይም» አለችና ቁጭ አለች። ቡሊት የማታውን ዓሣ አመጣችለት። ነብሮ ቀስ እያለ በላ። ሲጨርስ የዓሣው ራስና አከርካሪው ሳህኑ ላይ ቀረ።

እመት ጃርት አጥንቱን ትክ ብላ አየችው። «ቡሊት፣ በየቀኑ ከአውድማ ስትመለሺ ሳህኑ ላይ አጥንት ታገኛለሽ?»

ቡሊት አሰበች። «አላገኝም። ሳህኑ የታጠበ ይመስላል።»

«ድመት የዓሣ አከርካሪ ይበላል እንዴ? አጥንት ሳያስቀር የሚበላው ማን ነው?»

ሁለቱም ወደ ነብሮ ዞሩ። ነብሮ እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ግን ቡሊትን አያት። ከንፈሯ ላይ ማሩ ደርቋል። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለም።

«አያ ጅቦ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ስትሄጂ በጓሮ ይገባል። አንዳንድ ቀን ቀበሮ ቀድሞ ይመጣና ማር የተበጠበጠበት ወተት ያጠጣኛል። ‹በሽተኛ ይጠናከርበታል› አለኝ። ወተት እንደምወድ ታውቂያለሽ። ጠጥቼ ስጠግብ ዓሣውን ለጅቦ እተውለታለሁ። ቀበሮ በማይመጣበት ቀን ደግሞ ጅቦ ዓሣዬን ነጥቆኝ ይሄዳል። ለአንቺ መንገር አፈርኩ። በእኔ ምክንያት ስትለፊ እያየሁ ‹ወተት ጠጣሁ› ልበልሽ?»

እመት ጃርት በረጅሙ ተነፈሰች። «ይኸው! ወተትና ማር ሲጠጣ ጉንዳኑ ይበዛል። ሳይበላ ሲወጋ ስኳሩ ይወርዳል። ዛሬ ደግሞ ባዶ ሆዱን ሁለት መስመር ተወጋ። መድኃኒቱ ምንም ጥፋት የለበትም።»

«ቀበሮስ ምን አድርጌው ነው?» አለች ቡሊት።

«አንቺን አይደለም» አለ ነብሮ፣ ነገሩ አሁን እየገባው። «እኔ ከደከምኩ ለዶሮዎቹ ማን ይጮኽላቸዋል?»

በማግስቱ ጠዋት ቡሊት አውድማ እንደምትሄድ ሆና ወጣችና ዞራ ከጎተራው ጀርባ ቆመች። እመት ጃርት በር ሥር ከገለባው ውስጥ ተደበቀች። ብዙም አልቆየ፣ አያ ጅቦ ጓሮውን ጥሶ አፍንጫውን አስቀደመ።

«ነብሮ፣ የት አለች ዓሣዬ?»

ቡሊት በኋላ እግሯ አንዴ ብትለው አያ ጅቦ ተንከባለለ። ሊነሳ ሲል ሁለተኛውን ደገመችለት።

«ኧረ በፈጠረሽ! እኔ ዓሣውን ብቻ ነው የበላሁት! ወተቱ የቀበሮ ነው! ‹አንተ ዓሣውን ብላ፣ ዶሮዎቹን ደግሞ እኩል እንካፈላለን› ያለኝ እሱ ነው!»

«የትኛው ወተት?» አለች እመት ጃርት ከገለባው ብቅ ብላ። «ማር የተበጠበጠበት ነው? ለአንተ ምን ያህል ሰጠህ?»

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። «ማር ነበረበት? ለእኔ እኮ ‹ውኃ የበዛበት ቀጭን ወተት ነው፣ ለሆድህ አይስማማህም› ነው ያለኝ!»

በዚያው ቅጽበት ቀበሮ የወተት ቅሉን አንጠልጥሎ፣ እያፏጨ በበሩ ገባ። አያ ጅቦን አየ። አያ ጅቦ ቅሉን አየ።

«አያ ጅቦ፣ ቆይ፣ ላስረዳህ…»

«ምኑን ነው የምታስረዳኝ! ቅሉን ስጠኝ!»

ቀበሮ ቅሉን ጥሎ እግሬ አውጭኝ አለ። አያ ጅቦ የፈሰሰውን ወተት ከነአፈሩ ልሶ ጨረሰና፣ «ሌላውስ ወተት የት አለ?» እያለ ተከተለው። ወንዙን ተሻገሩ፣ ኮረብታውን ወጡ፣ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ቆጡ ላይ የነበሩት ዶሮዎች እየተንጫጩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡሊት አውድማ ላይ ለሚጠብቋት፣ «ጠዋት ትንሽ እዘገያለሁ» አለቻቸው። እነሱም አልከፋቸውም። ነብሮ ሲበላ ቁጭ ብላ ታየዋለች፤ አከርካሪው ሳህኑ ላይ ሲቀር ብቻ እሾኋን አንስታ እስከ መጀመሪያዋ ጥቁር መስመር ትቀዳለች። ነብሮም ውሎውን ሳይደብቅ ይነግራታል። «ዛሬ አንዲት አይጥ በልቻለሁ፣ ትንሽ ናት» ይላታል። «ትንሽም ብትሆን እንኳን ነገርከኝ» ትለዋለች።

በሳምንቱ የነብሮ ዓይን ጠራ። በሁለተኛው ሳምንት ተረከዙን ከመሬት አነሳ። በሦስተኛው ሳምንት እመት ጃርት መጣችና ከቡሊት ጋር ሜዳው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ዛሬ ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ትናንትስ?»

«ስምንት።»

«ከትናንት ወዲያ?»

«ሰባት። ከዚያም በፊት ሰባት።»

እመት ጃርት ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «እንግዲህ መርፌውን አናቆምም፣ ከዓሣውም አንወጣም። ግን ስኳሩ ተይዟል፣ ልጄ። አሁን እኔም ቤቴ ልሂድ፣ አንቺም ተኝተሽ እደሪ።»

ቡሊት አንዴ ጉንዳኖቹን፣ አንዴ ነብሮን አየች። ከዚያ በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ከሆዷ ታምቆ የከረመው ነገር አንድ ላይ ወጣ፤ ገደሉ እስኪያስተጋባ አናፋች። መንደሩ ሌባ የመጣ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከሜዳው ሲደርሱ ግን ያገኙት እንባዋን እያፈሰሰች የምትስቅ አህያና፣ ከአጠገቧ ቁጭ ብሎ «ምን ሆናችሁ? ደስ ብሏት እኮ ነው» የሚላቸው ድመት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመ ወዳጃችንን ስንረዳ በጭንቀትና በሰው ምክር ተገፋፍተን መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ፣ ረጋ ብለን የሚሆነውን በዓይናችን ማየትና እርስ በርስ አለመደባበቅ እንደሚያድን ነው።