ድርቆሹን ያቃጠለ ባል

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ ጥንቸል ታረባ ነበር።

አያ ጓንጉል፣ ጆንያህን ወዲህ ሳብና ተቀመጥበት። ወፍጮው እንደሆነ ዛሬም ተራ አያደርሰንም፤ ባለፈው ተሰልፌ ስጠብቅ ጢሜ ጉልበቴ ድረስ አድጎ ነው የተመለስኩት። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ልጅህ ነው። «ከዓረብ አገር ከተመለሰች አራት ወር ሆናት፤ አትናገር፣ አትበላ፣ ከቀን ወደ ቀን ትመነምናለች። ያላቀረብኩላት ነገር የለም፤ ከእንግዲህ ምን ልጨምርላት?» አልኸኝ። እኔ ደግሞ ይህን ሰውዬ ልንገርህ።

የሚስቲቱ ጥንቸሎች አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለቱን የሰጣት አንድ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ የቀሩትን ዘጠኙን እነዚያው ሁለቱ ጨመሩላት። በዚያ አገር ጥንቸል አይበላም፤ ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ይስቅባት ነበር። «አይታለቡ፣ አይታረዱ፣ አይጠመዱ፤ ምን ይሠሩልሻል?» ይሏታል። «ያዩኛል» ትላለች። ልጅ አልወለደችም።

በየጠዋቱ ማጭድና ጆንያ ይዛ ትወጣለች፤ ተሸክማ ትመለሳለች። ከየት እንደምታጭድ፣ ምኑን እንደምታመጣ፣ ምኑን አይታ እንደምታልፍ ባልየው አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም። ያየው ሣር ነው፤ ስለ ሣር ደግሞ ምን ይጠየቃል?

ሚስቲቱ ታመመች፤ በሳምንቷ ሞተች። በቀብሯ ማግስት ባልየው ወደ ጓሮ ቢወጣ ጥንቸሎቹ ሁሉ ሽቦው ድረስ መጥተው ይጠብቁታል። እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እንባው ሁለት ማሳ አጠጣ ይላሉ፤ እኔ የአንዱን ብቻ ነው የማምነው። «ከእሷ የቀረኝ ይኸ ነው፤ ከእንግዲህ አንዳቸውም አይሞቱብኝም» ብሎ በመቃብሯ ማለ።

አርባዋ ደረሰ። ሰው ይመጣል ተብሎ ግቢ መጽዳት አለበት። ከቤቱ ጀርባ ጣሪያውን የሚተካከል የደረቀ ሣር ክምር ነበር፤ እሷ በበጋ እያጨደች፣ በጥላ እያደረቀች ያስቀመጠችው ድርቆሽ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ለጥንቸሎቹ የሚጣልላቸው ከዚያው ነበር። ባልየው አየውና አንጀቱን በላው። «አይ ምስኪን፣ አጥታ ነው ይህን ጭድ ስታበላቸው የኖረችው። እኔ እያለሁማ ይህን አይቀምሱም» አለ። ክብሪት ጫረበት። ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ ሁለት ወረዳ ማዶ ያሉ ሴቶች ዝናብ መጣ ብለው ያሰጡትን በርበሬ አነሡ።

ከዚያ ምግብ መምረጥ ጀመረ። አመራረጡ ቀላል ነበር፤ የገዛ ምላሱን ይጠይቃል፣ ምላሱ የወደደውን ያመጣል። ጥቅል ጎመን አመጣ፤ አንዱ የቄስ ጥምጥም ያክላል። በጠዋት ከነጤዛው ቆርጦ እስከ ጉልበቱ ከመረላቸው። ቲማቲም ከነቅጠሉ ከነሐረጉ አመጣ። የድንች ቅጠል ለምለም ስለሆነ አመጣ። ነጭ ሽንኩርት «ብርድ እንዳይመታቸው» ብሎ ፈልፍሎ ሰጣቸው። ሊያጽናናው የሚመጣውም ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዱ ለጥንቸሎቹ ቀይ ሽንኩርት ይዞ ይገባል፣ አንዱ አቮካዶ።

ጥንቸሎቹ አሽትተው ዘወር ይላሉ። ዘወር ሲሉ ምን ያደርጋል? እንግዳ ሲግደረደር የሚደረገውን ነዋ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያለ በጣቱ ያጎርሳል። አያ ጓንጉል፣ በሞቴ ተብላ የተለመነች ጥንቸል ከዚያ በፊት ሰምተህ ታውቃለህ? ይሉኝታ ይዟቸው ይሁን ርቧቸው እንጃ፤ በሉ።

ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ። «አንሷቸው ነው» አለና ጨመረላቸው። ሦስት ሞቱ። «ጠረኗ ናፍቋቸው ነው» አለና የእሷን ቀሚስ ለብሶ እየዞረ መገበ። አራት ሞቱ። ጎረቤቶቹ «እድር ይግቡ እንጂ፣ ድንኳኑንስ ለምን እናመላልሰዋለን» እያሉ ቀለዱ። እሱ አልሳቀም። እያንዳንዷን ከሚስቱ ነጠላ እየቀደደ ገንዞ ቀበረ። ነጠላው አለቀ፤ ሞቱ አላለቀም።

ሁለት ብቻ ሲቀሩ አንዲት ሴት መጣች። ሟቿ ሣር ስታጭድ አብራት የምታጭድ ባልንጀራዋ ናት፤ ልጇ ወልዳ አራስ ልታርስ ሩቅ አገር ሄዳ ስለነበር ሞቷን የሰማችው ገና ሰሞኑን ነው። ለቅሶዋን ጨርሳ ወደ ጓሮ ዞረች። ቆመች።

«ድርቆሹስ?» አለችው።

«የቱ ድርቆሽ?»

«እዚህ ጋ የነበረው ክምር ነዋ።»

«ለአርባዋ ግቢ ሳጸዳ አቃጠልኩት።»

ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ወንድሜ» አለችው፣ «ቀለባቸውን ነው ያቃጠልከው። ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ደረቅ ሣር ስታኝክ የምትውል ፍጥረት ናት፤ ሆዷ የሚሠራላት በእሱ ነው። ለምለሙ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው፤ እሱም እፍኝ። የአበሻ ጎመን ቅጠል፣ የካሮት ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠል፤ ታጥቦ፣ ውሃው ጠፈፍ ብሎ፣ አዲስ ከሆነም አንዱን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ እያስለመዱ። ጥቅል ጎመን ሲበዛ ይነፋቸዋል። የድንች ቅጠል፣ የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት ቀዩም ነጩም፣ አቮካዶ፣ ይኸ ሁሉ ለእነሱ መርዝ ነው። እኔ አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ሚስትህ ናት የነገረችኝ።»

«ለእኔ ምነው አልነገረችኝም?»

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ሰውዬው ወደ ቤቱ ሮጠ። መሰላል እንኳ አልፈለገም፤ እንደ ዝንጀሮ ግድግዳውን ቧጥጦ ወጣና የገዛ ቤቱን ክዳን ይነቅል ጀመር። ክረምት ነው፤ በዚያ አገር በክረምት ደረቅ ሣር ያለው ጣሪያ ላይ ብቻ ነው። ዝናቡ ምሰሶውን ይዞ ወረደ፣ አልጋው ዋኘ፣ ከምድጃው ውስጥ እንቁራሪት ጮኸ። እሱ ግድ አልሰጠውም። እቅፍ ሙሉ ይዞ ወረደና አቀረበላቸው። ሃያ ዓመት ጭስ የጠጣ ሣር ነው። አሸተቱት፤ አስነጠሱ፤ ዘወር አሉ። ያን ጊዜ በሞቴ አላለም።

ሴትዮዋ ወደ ማሳ ዳር ሮጣ እርጥቡንም ቢሆን ንጹሕ ሣር አጭዳ ተመለሰች። ስትመለስ አንደኛዋ ሞታለች። ሁለተኛዋ ከሣሩ አንድ ዘለላ ተቀበለቻት። ባልየው ተንበርክኮ አፏን አፏን ያያል። አላኘከችውም። ሣሩን በአፏ እንደያዘች ሆዷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተወ።

አለቀ። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ እንዴት ኖረ ብትለኝ፣ ኖረ ማለት ካልህ ኖረ። ባዶው ሽቦ ፊት በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥ ነበር።

አያ ጓንጉል፣ ሰውዬው አንተ ነህ። ስትሰማኝ ደጋግመህ ራስህን ነቅንቀሃል፤ በሌላ ሰው ላይ የነቀነቅህ እንዳይመስልህ። ልጅህ የገባች ቀን በግ ጣልህ፣ አገር ጠራህ፤ በድግሱ መሀል ተነሥታ ጓዳ ገባች። ድግሱ ያነሳት መስሎህ በሳምንቱ ሌላ ደገስህ። ዝም ስትል ጠበል ወሰድህ። አሁንም ዝም ስትል ባል ፈለግህላት፤ ሦስት ሽማግሌ ሰድደህ በር ላይ አስቀመጥህባት። እኔም ራሴ እንዳስቃት ተብዬ ተጠርቼ አህያ ሆኜ ጮኼላታለሁ። ይህ ሁሉ መጥፎ ነው አልልህም። ጥቅል ጎመንም ለሰው መልካም ነው። ግን አንተ ከስደት ብትመለስ የሚያምርህን ነው ያቀረብህላት። እዚያ ምን እንዳገኛት ሳታውቅ፣ እሷን ሳይሆን ምላስህን ጠየቅህ።

እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። በእነዚህ አራት ወራት ልጅህ ራሷ የለመነችህ ነገር አለ?

ምን አልህ? ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ወፍጮው ይጮሃል። «በሩን ዝጋልኝ» ትልህ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ቃል የላትም። ስንቴ? በየቀኑ።

ዘጋህላትስ? «እንግዳ እየመጣ በር አይዘጋም፣ ሰው ምን ይላል» አልህ።

እንግዲያው ዛሬ ግባና ዝጋላት። ሰው ካለ ይበል፤ እኔ ደጅህ ላይ ቆሜ እያሳቅሁ እመልስልሃለሁ። በግ አትጨምር፣ ባል አትጨምር፣ እኔንም አትጥራ። ይህ ያድናታል ወይ ብትለኝ አላውቅም። ለዚያኛው ሰውዬ ሣሩ የደረሰለት የጥንቸሏ ሆድ መሥራት ካቆመ በኋላ ነው፤ ለአንተም እንዲያ ሆኖ ይሆናል። ስለ ጭሱ ዋሽቼሃለሁ፣ ስለ እንቁራሪቱም ዋሽቼሃለሁ፤ በዚህ ግን አልዋሽህም። አሁን ተነሥ። እህልህን እኔ አስፈጭቼ አመጣልሃለሁ፤ ደጅህ ላይ አስቀምጬ፣ ሳላንኳኳ እሄዳለሁ።