ጉርሻ እንቢ ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ ጅብ ምግብ ቤት ከፈተ። አትሳቁ፤ ደጁ ላይ ወረፋም ነበረው። እሱ ባለቤት፣ ቀበሮ ወጥ ሠሪ ሆነው በአንድ ትልቅ ድስት ሾርባ እያፈሉ ዱሩን ሁሉ ይመግቡ ነበር። ችግሩ፣ ከዚያ የጠጣ ሁሉ በማግስቱ ሆዱን ይዞ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲሮጥ ይውላል።

አንበሳ ማድ ቤቱ ይታይ ብሎ ተኩላን ላከ። ተኩላ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ቀበሮ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብላ አፉን በጉርሻ ጠቀጠቀችው። «እምም… እምም…» አለ። ቀበሮ ወደ ወረፋው ብቅ ብላ «ንጹሕ ነው ብለዋል!» ስትል አወጀች። ቀጥሎ የተላከው ነብርም እንደዚያው ጉንጩን ነፍቶ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የምትታዘብ እመት ዳለቻ የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። ምላሷ ከጆሮዋ ይረዝማል። አንበሳ ልጁን ሊድር ነው፣ የሰርጉንም ሾርባ የሚያፈላው ጅብ ነው ሲባል ሰማች። አሰበችው፤ ግልገሉም፣ ጥንቸሉም፣ እርጉዟ ሚዳቋም ከዚያ ድስት ሊጠጡ ነው። ተነሥታ አንበሳ ፊት ቆመች።

«እኔን ይላኩኝ፣ ጌታዬ።»

«አንቺን? ጅብ ቤት?» አንበሳ ሳቁ አመለጠው። «ተቆጣጣሪ ልላክ ወይስ ምሳ?»

«ሥጋ በሎቹን ልከው አየናቸው አይደል? አፋቸውን ሞልተው መጡ። እኔ እንደሆንኩ ሥጋ አልበላም።»

አንበሳ ሳቁን ዋጠ። «ሂጂ። ጅብ ቢነካሽ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ዳለቻ አንገቷን ቀና አድርጋ ጅብ ቤት ገባች። ዝንቡ ሰርጉን ቀድሞ ጀምሮታል። ጭልፋው መሬት ላይ ወድቋል፤ ድስቱ የከረመ ቅባት ለብሷል።

«ውይ እትዬ ዳለቻ! ምነው ጠፉ!» አለች ቀበሮ እየተሽቆጠቆጠች። ብልጥ ናትና ሥጋ አላቀረበችም፤ የተቀቀለ ገብስ ጠቅልላ ዘረጋች። «በሞቴ! እጄን አይመልሱት!»

ገብስ ለዳለቻ ነፍሷ ነው። ምራቋን ዋጠች። ከዚያ ግን ገብሱን ትታ የቀበሮን እጅ አየች።

«ልጄ፣ ይሄ እጅ መቼ ታጠበ?»

«አሁን፣ እርስዎ ሲገቡ!»

«ታዲያ ዝንቡ ምን አስከተለው? ወጥ ሠሪ ቀድማ ትቀምሳለች። ከድስቱ ጨልፊና ጠጪ፤ ያኔ እጎርስልሻለሁ።»

ቀበሮ ድስቱን አየች፣ በሩን አየች። «ጾም ነኝ፣ እትዬ።»

«ጾም! ጠዋት ከጢምሽ ላይ ስታራግፊው ያየሁት የዶሮ ላባ የጾም ነው?»

ጅብ ከጓዳ ይሰማ ኖሯል፤ ሾርባው መሰደቡ አንገበገበውና ዘሎ ወጣ። «ምኑ ያስፈራል? ስጠጣው እዩ!» ብሎ ጭልፋውን ከመሬት አንስቶ ጨለፈ፤ ግጥም አደረገው። «አቤት ጣዕም! ወንዝ ዳር የሞተውን በሬ ተልቶ እስኪለሰልስ ጠብቄ እኮ ነው የከተትኩት! ድስቱንም ጣዕሙ እንዳይሄድ አናጥበውም!»

ደጅ የተሰለፈው ሁሉ ሰማው።

«ዝም በል!» ቀበሮ ጭራውን ነከሰችው።

«ምን አጠፋሁ? እጅሽን እያመሰገንኩ!»

ወረፋው እየተንጫጫ ሲበተን ነው ለጅብ ነገሩ የገባው። ወደ ዳለቻ ዞሮ ጥርሱን አገጠጠ። «አንቺ ነሽ ገበያዬን ያጠፋሽው! እበላሻለሁ!»

ዳለቻ አልሸሸችም። «ብላኝ፤ ለአንበሳ መልሱን አንተ ትሰጣለህ። ግን ባለጌ አትሁን፣ መጀመሪያ ታጠብ!»

ጅብ ባለጌ መባል አልወደደም። እየሮጠ ወንዝ ወረደ። ታጥቦ ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀመር ግራ ገብቶት እዚያው ቆመ። ዳለቻ ይሄኔ በኋላ እግሯ ድስቱን አንዴ ብትለው ለሁለት ተከፈለ፤ ቀበሮም በጓሮ በር ሹልክ አለች።

የሰርጉ ሾርባ በሌላ ማድ ቤት፣ በታጠበ ድስት ተፈላ። ዳለቻ አጠገቡ ቆማ የሁሉንም እጅ እያየች አስጨለፈች። በማግስቱ ወደ ቁጥቋጦ የሮጠ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰው ማድ ቤት ሊያይ የተላከ ሁሉ ዓይኑን ከፍቶ አፉን ዘግቶ መግባት እንዳለበት ነው።