ወይኑ፣ ክኒኑና የቤቱ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ወይን በሚለማበት ሐይቅ ዳር፣ አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መሪ ሲያዞሩ አንድ ቀን እንኳ መጠጥ አፋቸው ያልገባ፣ ደረቅና ቆፍጣና ሰው ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ በላቸው የወይን እርሻው ካቦ ነው። ሁለተኛው አንተነህ ከተማ ተቀምጦ «ዕድሜ ይመልሳል» የሚባል ክኒን ይሸጣል። የመጨረሻዋ ትርፌ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባቷን የምትጦር፣ ከዚያ ግቢ ሌላ መግቢያ የሌላት። ወንዶቹ የየራሳቸው ቤት አላቸው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

አቶ ወንድይፍራው አንድ ቀን ጓሮ አትክልት ሲያጠጡ አዞራቸውና ወደቁ። አልሞቱም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልወርድም አሉ። «በቃኝ፣ ሞተሬ ተቃጥሏል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በላቸው ይህን ሲሰማ አንድ ካርቶን ቀይ ወይን ተሸክሞ መጣ። እርሻውን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች፣ ቀይ ወይን ልብ ያጠነክራል፣ ዕድሜ ያስረዝማል ሲሉ ሰምቷል።

«መጠጥ አይደለም አባዬ፣ መድኃኒት ነው። አንድ ብርጭቆ ብቻ!»

ወይኑን አስቀምጦ ብቻ አልሄደም። የአባቱን የድሮ ሾፌር ጓደኞች ከያሉበት ሰበሰበና በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ግቢው ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ያስቀምጣቸው ጀመር። አባትየው የጓደኞቻቸውን ሳቅ እየሰሙ ተኝተው መዋል አቃታቸው። ብዙም ሳይቆዩ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ለዚህ ለዚህስ በላቸው እሰይ ይባል፣ እውነቱን መካድ አይገባም።

አንተነህ ደግሞ ከከተማ እየከነፈ መጣ። «የመቶ ጠርሙስ ወይን ጥቅም እዚህች ክኒን ውስጥ አለ» ይላል። ዕቃው ላይ የወይን ዘለላና የአንዲት ሳቂታ ሴት ፎቶ አለ። ለማስታወቂያው «ሳይውጡ በፊት» እና «ከዋጡ በኋላ» የሚል ማስረጃ ያስፈልገዋልና አባቱን እየጎተተ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ሐኪሟ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ አላመነችም፤ ደግማ ለካች። «እኚህ ሰው እንዴት ቆመው ሄዱ?» አለች። ይህን እስከዚያ ቀን ያወቀ የለም፤ አንተነህ ለገበያው ብሎ ባይወስዳቸው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። እሱ ግን ፎቶውን አንስቶ፣ ክኒኑን አስጨብጦ ሹልክ አለ። የሐኪሟን ማዘዣ ዞር ብሎም አላየው።

ማዘዣውን የተቀበለችው አብራቸው የሄደችው ትርፌ ናት። ሐኪሟ ለብቻዋ ጠርታ መከረቻት።

«የግፊቱን መድኃኒት በየቀኑ ይውጡ። ከመጠጥ ጋር አይሆንም። ወይን ልብ ያጠነክራል የሚባለውን እርሺው፣ የተረጋገጠ ነገር የለም። ያኛውም ክኒን አይጥ ላይ ተሞክሯል ይባላል፤ የሰው ዕድሜ ሲጨምር ግን ያየ የለም።»

ትርፌ ቤት ገብታ ይህንኑ ብትናገር አባቷ ነደዱ። «የበሽተኛ መድኃኒት አልውጥም! ወንድሞችሽ ወጣት ሊያደርጉኝ ይለፋሉ፣ አንቺ መልሰሽ ልታስተኚኝ!» ለመነቻቸው፣ አለቀሰችባቸው፤ ወይ ፍንክች። ታዲያ ምን ታድርግ? የአባቷን ጠርሙስ ለየችው። ለእንግዶቹ እውነተኛውን ወይን ትቀዳለች፤ ለአባቷ ቀዩን የከርከዴ አበባ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ በወይኑ ጠርሙስ ታቀርባለች። ወይን ቀምሰው የማያውቁ ሰው በምን ይለዩታል? የአንተነህን ክኒንም ከዕቃው ገልብጣ የግፊቱን ክኒን ሞላችበት።

አባቷም በየቀኑ «አይ የአንተነህ ክኒን! አይ የበላቸው ወይን!» እያሉ ይውጣሉ፣ ይጠጣሉ። ወጡ ላይ ጨው ስለቀነሰች ግን «ይህቺ ልጅ ጨው ነፍጋ ልትገድለኝ ነው» ብለው ለጎረቤት ይከሷታል። እስቲ ይህ አንጀት አያሳርርም? ወንድሞቿ በበዓል ብቅ ሲሉ ይመረቃሉ፤ እሷ ልብሳቸውን እያጠበች፣ ከእግራቸው ሥር ሳትጠፋ ትሰደባለች።

ዓመት አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። ሰውየው መነሳት ብቻ ሳይሆን ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ጀመር። አንተነህ ፎቶአቸውን «የሰባ ስምንት ዓመቱ ጎረምሳ» ብሎ በየሰው ስልክ በተነው። በላቸውም «የእኔ ወይን ነው ያስነሳቸው» ሲል የማይሰማበት ቦታ ጠፋ።

አንድ እሑድ አቶ ወንድይፍራው ጓደኞቻቸውን ሽማግሌ አድርገው ሰበሰቡና የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህን ቤት ዕድሜዬን ለቀጠለልኝ ልጅ አወርሳለሁ። በሉ ተናገሩ።»

«እኔ ነኛ!» አለ በላቸው። «ከአልጋ ያስነሳህ ማን ሆነና?»

«ወይን ብቻውን ምን ይፈይዳል? ክኒኑ ነው። ሀገር ያየው ነገር ነው» አለ አንተነህ።

አባታቸው ወደ ትርፌ ዞሩና «አንቺማ ጨው ነፍገሽኛል» ብለው ሳቁ። ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ።

ትርፌ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። ስንት ጊዜ ዝም ብላለች፤ ዛሬም ዝም ልትል ነበር። ግን ቤቱ ከወንድሞቿ የአንዱ የሆነ ዕለት «ውጪልኝ» እንደምትባል ታውቃለች። ጓዳ ገብታ የአንተነህን ክኒኖች በፌስታል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ከእነዚህ አንዷንም አልዋጥክም አባዬ! የዋጥከው የሐኪሟን ነው። የጠጣኸውም ከርከዴ ነው። እየሰደብከኝ ያቆየሁህ እኔ ነኝ!»

የአባትየው ፊት አመድ መሰለ።

«በገዛ ቤቴ እንደ ሕፃን አታለልሽኝ?»

«ለቤቱ ብላ የፈጠረችው ነው» አለ አንተነህ።

«ቤቱን ብፈልግማ ያኔውኑ ወይናችሁን ባጠጣሁት!» አለች ትርፌ።

በዚህ መሃል አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ የክኒኑ ሰዓት ነው። ትርፌ እንደ ልማዷ አንዷን ክኒን በመዳፏ ይዛ ቀረበች። አባቷ እጇን ገፉት።

«ካንቺ እጅ መድኃኒት አልውጥም። እዚሁ ልሙት!»

የግንባራቸው የደም ሥር ተገትሯል፣ ዓይናቸው ደም መስሏል። ወደ ሁለተኛው ልጃቸው ዞሩ። «ውሸቷን ነው በለኝ፣ አንተነህ። ይህ ክኒን የማን ነው?»

አንተነህ የተዘረገፉትን የራሱን ክኒኖች አየ። አባቱን አየ። ቁልፉንም አየ።

«የእኔ ነው አባዬ። ቅናት ይዟት ነው። ዋጠው።»

«በምን ልዋጠው?»

በላቸው ከአባቱ ጠርሙስ ቀዳ። ከወይን ጋር የሚውል ሰው ነውና ከርከዴ መሆኑን ሽታው ነግሮታል። «በወይንህ» አለ፣ ብርጭቆውን እያቀበለ። «እኔ ባመጣሁልህ።»

ትርፌ አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ አባቷ ክኒኑን አሽቀንጥረው ይጥሉታል። ዝም ካለች ደግሞ ቤቷ ይሄዳል፣ ስሟም «ቅናተኛዋ ውሸታም» ሆኖ ይቀራል። እንባዋ በንዴት ዱብ ዱብ አለ፤ አፏን ግን መልሳ ገጠመች። አባቷ ክኒኑን ዋጡ፣ ብርጭቆውን ጨለጡ።

«ይሄ ነው ወይን!» አሉ። ከዚያም ለሽማግሌዎቹ «ቁልፉን ለሚገባው ስጡልኝ» ብለው ሊያርፉ ገቡ።

ሽማግሌዎቹ ተፋጠጡ። አንዱ፣ በላቸው ከሰው ባይቀላቅላቸው የትኛው መድኃኒት ያስነሳቸው ነበር አለ። ሌላው፣ በሽታቸው እንዲታወቅ ያደረገው አንተነህ ነው፣ ዛሬም ባይዋሽ ኖሮ አይውጡም ነበር አለ። «እሱ የዋሸው ለአባቱ ነው ወይስ ለቁልፉ?» ብሎ ሦስተኛው ጮኸበት፤ ያቆየቻቸው ትርፌ ናት ብሎም ማለ። አራተኛው ግን፣ ሰውን በሚውጠውና በሚጠጣው ሁለት ዓመት ያታለለ እጅ ቁልፍ ይያዝ እንዴ አለ። ትርፌ ይህን ሁሉ እየሰማች ብርጭቆዎቹን ታነሳ ነበር።

ነገም አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ክኒኑም ይዋጣል፣ በአንተነህ ስም። ቁልፉ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?